የታሚል ተናጋሪዎችና የእንግሊዝኛው «ኖት»፦ ስህተቱ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥትና የታሚል ናዱ ግዛት በትምህርት ቋንቋ ጉዳይ እንደገና ተፋጠጡ። ማዕከላዊው መንግሥት በ2020 ያወጣው ብሔራዊ የትምህርት ፖሊሲ ተማሪዎች ሦስት ቋንቋ እንዲማሩ ይጠይቃል። ታሚል ናዱ በበኩሏ ከ1968 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ታሚልንና እንግሊዝኛን ብቻ ታስተምራለች፤ ሦስተኛው ቋንቋ ሂንዲን በጓሮ በር ማስገቢያ ነው ብላ ታምናለች። አልቀበልም በማለቷ ለትምህርት ቤቶቿ ሊለቀቅ ይገባ የነበረ 21.5 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ተያዘባት፤ ጉዳዩም እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ያለ ክርክር የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፦ የታሚል ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ይማራል። «ስንት ቋንቋ?» የሚለው ጥያቄ ጎልቶ ሲወጣ «እንዴት?» የሚለው ተረሳ። ለዓመታት እንግሊዝኛ የተማረ ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ «አልሄደም» ለማለት «ሂ ዲድ ኖት ጎ» በማለት ፈንታ «ሂ ዲድ ኖት ዌንት» ሲል ይሰማል፤ ከዚያ አንዱ የሁለት ቋንቋ ፖሊሲው መክሸፉን ያውጃል፣ ሌላው መምህሩን ይወቅሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ «እንግሊዝኛን በታሚል ማስተማር ነው ጥፋቱ» ይላል። ሦስቱም አሉታዊ ዓረፍተ ነገር በሁለቱ ቋንቋዎች ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሳያዩ የሚናገሩ ናቸው። ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲታይ አብዛኛው ስህተት ቀድሞ ሊተነበይ የሚችል ነው። ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይሆንም፤ ከስህተቶቹ ግማሽ ያህሉን እኛም እንሠራቸዋለን።

ታሚል «አይደለም» የሚለው በስንት መንገድ ነው?

ታሚል ከድራቪድ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሕንድ የ2011 የሕዝብ ቆጠራ 69 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አፍ መፍቻ ቋንቋቸው መሆኑን አስመዝግበዋል፤ በስሪላንካና በሲንጋፖርም ይፋዊ ቋንቋ ነው። እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ የተናጋሪው ዓረፍተ ነገር አዎንታዊ ይሁን አሉታዊ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሲያበቃ ነው።

ከአሉታዊ ቃላቱ ዋናው «ኢላይ» ነው፤ «ላ» ጠብቆ ይነበባል። ብቻውን ሲቆም የአማርኛውን «የለም»ም «አይደለም»ም ይሸፍናል። «አቫን ኢንጌ ኢላይ» ማለት «እሱ እዚህ የለም» ሲሆን «አቫን ማናቫን ኢላይ» ደግሞ «እሱ ተማሪ አይደለም» ነው። ጥንቁቅ የጽሑፍ ታሚል ለሁለተኛው ዓይነት «አላ» የሚል የተለየ ቃል አለው፤ በዕለት ንግግር ግን ሁሉም «ኢላይ» ነው።

«ኢላይ» ከግስ ጋርም ይጣበቃል። «ናን ፖጋቪላይ» ማለት «አልሄድኩም» ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ቃሉ በባለቤቱ አይለወጥም፤ እኔም፣ አንተም፣ እሷም፣ እነሱም ብንሆን «ፖጋቪላይ» ያው «ፖጋቪላይ» ነው። አማርኛ «አልሄድኩም፣ አልሄድክም፣ አልሄደችም» እያለ የሚዘረዝረውን ታሚል በአንድ ቅርጽ ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ጊዜ አይለይም። እንደ አገባቡ «አልሄድኩም»ም «እየሄድኩ አይደለም»ም ሊሆን ይችላል። አዎንታዊው ግስ በኃላፊ፣ በአሁንና በትንቢት ጊዜ በግልጽ እየተለየ አሉታዊው ግን አይለይም።

ለወደፊትና ለልማድ ሌላ ረዳት ግስ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ በባለቤቱ ይረባል፦ «ናን ፖጋ ማቴን»፣ «አቫን ፖጋ ማታን»፣ «አቫል ፖጋ ማታል»። ትርጉሙ «አልሄድም፣ አይሄድም፣ አትሄድም» ሆኖ ብዙ ጊዜ የእምቢታ ቃና አለው። ባለቤቱ ሰው ካልሆነ ይህ ቅርጽ አይሠራም፤ ለአውቶቡስ «ቫራዱ» ይባላል፣ አይመጣም ለማለት።

ከዚህ ውጭ ያሉት እንደ ትርጉማቸው የተከፋፈሉ ናቸው። «ቬንዳም» አያስፈልግም፣ አልፈልግም ማለት ነው። «ኩዳዱ» ይከለክላል፣ «ሙዲያዱ» አይቻልም ይላል፣ «ተሪያዱ» ደግሞ አለማወቅን ይናገራል። ትእዛዝ ሲሆን «ፖጋዴ»፣ አትሂድ። አንዳንዶቹ ባለቤታቸውን እንደ ተቀባይ ያቀርቡታል፦ «ኤናኩ ተሪያዱ» ቃል በቃል «ለእኔ አይታወቅም» ነው።

ስለዚህ የታሚል ተናጋሪ አሉታዊ ነገር ሊናገር ሲነሳ አእምሮው የሚጠይቀው «ይህ ምን ዓይነት አሉታ ነው?» ብሎ ነው። አለመኖር ነው? አለመፈለግ? ክልከላ? አለመቻል? ምርጫው የሚደረገው በትርጉም ነው።

እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው

እንግሊዝኛ አሉታዊ ለመሥራት በዋናነት አንድ ቃል አለው፤ «ኖት»። ቀላል ይመስላል። ችግሩ «ኖት» ብቻውን ግስ ላይ መቆም አይችልም፤ የሚደገፍበት ረዳት ግስ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው «ረዳቱ የቱ ነው?» ይሆናል፤ መልሱም የሚገኘው ከትርጉም ሳይሆን ከአዎንታዊው ዓረፍተ ነገር ቅርጽ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አዎንታዊውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማሰብ። ከዚያ በውስጡ ከመሆን ግስ አምስት ቅርጾች አንዱ፣ ማለትም «ኤም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ዌር»፣ አለ ወይ ብሎ ማየት። ካለ «ኖት» ወዲያው ከኋላው ይገባል፣ ነገሩ አለቀ። ከሌለ እንደ «ካን፣ ዊል፣ ማስት፣ ሹድ» ያሉ ረዳቶች አሉ ወይ? «ሃቭ» ከሌላ ግስ ጋር ተጣምሮ ረዳት ሆኗል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ካለ አሁንም «ኖት» ከኋላው ይቆማል። ምንም ረዳት ከሌለ «ዱ» ይጠራል፤ እንደ ባለቤቱና እንደ ጊዜው ከ«ዱ፣ ዳዝ፣ ዲድ» አንዱ ይሆናል። ጊዜውንና የባለቤቱን ምልክት «ዱ» ስለተሸከመው ዋናው ግስ ራቁቱን ይቀራል፦ «ሂ ዌንት» የነበረው «ሂ ዲድ ኖት ጎ» ይሆናል።

«ሃቭ» እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሰናክላል። «አይቻለሁ» በሚለው ውስጥ ረዳት ነው፣ «አይ ሃቭ ኖት ሲን» ይባላል። «ገንዘብ አለኝ» በሚለው ግን ዋና ግስ ነው፤ ስለዚህ «አይ ዱ ኖት ሃቭ መኒ» እንጂ «አይ ሃቭ ኖት መኒ» አይባልም።

ይህ የ«ዱ» ሥርዓት በዓለም ቋንቋዎች ዘንድ እምብዛም የማይገኝ ነው፤ በራሱ በእንግሊዝኛም የቆየ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «አይ ኖው ኖት» ማለት የተለመደ ነበር። «ዱ» ቀስ በቀስ ቦታውን ይዞ ግዴታ የሆነው በቀጣዮቹ 200 ዓመታት ውስጥ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ዘመናት የፈጀባቸውን ነገር ተማሪው በአንድ ምዕራፍ ካልጨረሰ ሰነፍ አያሰኘውም።

የሚጋጩባቸው ቦታዎች

ጀማሪ ላይ የሚታየው «አይ ኖት ጎ» ነው። «ኢላይ» ረዳት ሳይፈልግ ከግሱ ጋር ስለሚጣበቅ ተማሪው «ኖት»ንም በዚያው መንገድ ያጣብቀዋል። ይህ ስህተት ብዙም አይቆይም፤ ትምህርት ቤት «ዶንት»ን ቶሎ ያስለምዳል። ከዚያ ግን «ዶንት» እንደ አንድ ያልተከፋፈለ ቃል፣ የ«ኢላይ» ምትክ ሆኖ ይያዛል፤ ተማሪው ውስጡ «ዱ» እንዳለ አይሰማውም። «ሺ ዶንት ላይክ» የሚለው ከዚህ ይወለዳል። «ኢላይ» በባለቤቱ ስለማይለወጥ «ዶንት»ም እንዲለወጥ የሚጠብቅ የለም።

«ሂ ዲድ ኖት ዌንት» ደግሞ የተሻለ ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ ስህተት ነው። ተማሪው «ዲድ» መምጣት እንዳለበት አውቋል፤ ያልገባው «ዲድ» ጊዜውን ተሸክሞ ዋናውን ግስ ከሸክሙ እንዳሳረፈው ነው። መምህሩ «ዌንት» ላይ ቀይ መስመር አስምሮ ሲያልፍ ተማሪው የሚማረው «ዌንት ስህተት ነው» የሚለውን ብቻ ይሆንና በሚቀጥለው ጊዜ «ዬስተርዴይ ሂ ጎ» ይላል። እርማቱ «ዲድ»ን ማሳየት አለበት፤ ያለፈው ጊዜ ከ«ዌንት» ወጥቶ ወደዚያ ሄዷል።

ከሁሉም ይበልጥ የታሚል አሻራ ያለበት ስህተት ግን ብዙዎች ስህተት መሆኑን እንኳ የማያስተውሉት ነው። አንድ ሰው ሥጋ እንደማይበላ ለመናገር «ሂ ዎንት ኢት ሚት» ይላል። ሰዋስዉ ምንም እንከን የለውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚሰማው ግን «ሥጋ አልበላም ብሎ እምቢ አለ» ወይም «ወደፊት አይበላም» የሚል ነው። ተናጋሪው ሊል የፈለገው ልማድን ነበር፤ «ሂ ዳዝንት ኢት ሚት»። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በታሚል «አቫን ኢራይቺ ሳፒዳ ማታን» የሚለው ልማድንም፣ ወደፊትንም፣ እምቢታንም በአንድ ቅርጽ ይይዛል፤ «ማታን» ደግሞ በመማሪያ መጻሕፍትና በቪዲዮ ትምህርቶች ዘወትር «ዎንት» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ግማሹን ጊዜ ልክ ስለሆነ ነው አደገኛ የሚሆነው። በመሥሪያ ቤት «ማይ ማናጀር ዎንት ሳይን ኦን ፍራይዴይ» የተባለ ሰው፣ ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ዓርብ የመፈረም ልማድ የሌለው ነው ወይስ ፊርማውን ከልክሏል? አማርኛም «አይፈርምም» ብሎ ሁለቱን ይደራርባቸዋል። ስለዚህ ይህን ስህተት አማርኛ ተናጋሪም ሊሠራው ይችላል፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ «አይፈርምም» በሁለቱም መንገድ እየተተረጎመ ስለሚማሩት ከ«ዎንት» ጋር ብቻ የታሰረ ቃል አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ባለ ሥር ስህተት «ኖባዲ ዲድንት ካም» ነው። ታሚል «ማንም» ለማለት የጥያቄውን ቃል ወስዶ «ኡም» ይጨምርበታል፦ «ያር» ማን፣ «ያሩም» ማንም። ከዚያ ግሱን አሉታዊ ያደርገዋል፦ «ያሩም ቫራቪላይ»። አማርኛ ቀጥ ብሎ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ማን ላይ «ም» ጨምሮ «ማንም አልመጣም» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች አይዛመዱም፤ አንዱ ድራቪዳዊ፣ ሌላው ሴማዊ ነው። ቢሆንም ቅጥያውም አሠራሩም እንዲህ መገጣጠሙ የሚያስገርም ነው። በሁለቱም ዘንድ «ማንም» ብቻውን አሉታዊ አይደለም፤ አሉታው ያለው ግሱ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኖባዲ» ውስጥ አሉታው ገብቷል፤ ግሱ ላይ ከተደገመ በመደበኛው እንግሊዝኛ «ያልመጣ የለም» ወደሚል ትርጉም ይገለበጣል። መፍትሔው ተማሪው «ያሩም»ን «ኖባዲ» ብሎ እንዳይሸመድድ ነው። «ያሩም» ከ«ኤኒባዲ» ይበልጥ ይቀራረባል። ችግሩ «ኤኒባዲ» በባለቤት ቦታ ከአሉታዊ ግስ በፊት መቆም አይችልም፤ «ኤኒባዲ ዲድንት ካም» አይባልም። ስለዚህ ደንቡ በሁለት ተከፍሎ መቅረብ አለበት፦ ማንም የሚለው ድርጊቱን ፈጻሚ ከሆነ «ኖባዲ» ከአዎንታዊ ግስ ጋር፤ ተቀባይ ከሆነ አሉታዊ ግስ ከ«ኤኒባዲ» ጋር፣ «አይ ዲድንት ሲ ኤኒባዲ» እንደሚባለው።

ያው «ኡም» ሌላም ቦታ ያታልላል። «ኤናኩም ተሪያዱ» ማለት «እኔም አላውቅም» ነው። «ኡም»ን እንደ «ኦልሶ» የያዘ ተማሪ «አይ ኦልሶ ዶንት ኖው» ይላል። በሕንድ እንግሊዝኛ እጅግ የተለመደ ነው፣ ይገባልም፤ መደበኛው ግን «አይ ዶንት ኖው አይዘር» ነው። አዲስ አበባም ቢሆን «ሚ ቱ፣ አይ ዶንት ኖው» የሚል አይጠፋም።

«አይ ኤም ኖት ኖዊንግ»ና «አይ ኤም ኖት ሃቪንግ» የሚሉትን በአጭሩ እንለፋቸው። እነሱ የአሉታ ችግር አይደሉም፤ ተማሪው በአዎንታዊውም «አይ ኤም ሃቪንግ» ስለሚል ነው። በአሉታ ትምህርት ለማረም መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ታሚል ለተናጋሪዎቹ ስንቅ ይሰጣቸዋል። እንግሊዝኛ «ማስት ኖት» ሲል ይከለክላል፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ሲል ግን ግዴታ የለብህም ማለቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ይደናበራል፤ «መምጣት የለብህም» ሁለቱንም ሊሆን ይችላልና። ታሚል ግን «ቫራ ኩዳዱ» ብሎ ይከለክላል፣ «ቫራ ቬንዳም» ብሎ ነጻ ያወጣል። «ኩዳዱ»ን ከ«ማስት ኖት»፣ «ቬንዳም»ን ከ«ዶንት ሃቭ ቱ» ጋር ማጣመር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ያለበት «ቬንዳም» ለልመና የሚሆን የ«ተው» ትርጉምም ስላለው ነው፤ «ፖጋ ቬንዳም» አንዳንድ ጊዜ ለስለስ ያለ «አትሂድ» ነው፣ ያኔ «ዶንት ጎ» ይሻላል።

«የስ» ተብሎ «ኖ» ሲታሰብ

እስካሁን ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ጆሮ ይቆረቁራሉ እንጂ መልእክት አያጠፉም። የሚቀጥለው ግን ያጠፋል።

አንድ ሐኪም «ዶንት ዩ ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ብሎ ይጠይቃል። በሽተኛው የመድኃኒት አለርጂ የለበትም፤ «የስ» ይላል። በታሚል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ የጠያቂውን ግምት ማጽደቅ ይቻላል፦ «አማም፣ ኢላይ»፤ አዎ፣ የለኝም። አማርኛም «አልበላህም?» ሲባል «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ለጠያቂው ግምት ደንታ የለውም፤ «የስ» ከአዎንታዊ እውነታ ጋር፣ «ኖ» ከአሉታዊ እውነታ ጋር ብቻ ይሄዳል። በበሽተኛው መዝገብ ላይ «አለርጂ አለበት» ተብሎ ይጻፋል፤ እውነታው በተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ ያለበት ሰው ጠያቂውን ለማረም «ኖ» ይልና ነጻ ተደርጎ ይመዘገባል።

ይህ ግጭት በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቀኑ የሚታሰብ ነው። ዱባይና ዶሃ ውስጥ በሥራ ቦታ የታሚል ተናጋሪ፣ ኢትዮጵያዊትና ፊሊፒናዊ በአንድ የተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚግባቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ታሚሉና ኢትዮጵያዊቷ በ«የስ» አጠቃቀም እርስ በርስ ይግባባሉ፤ ችግሩ የሚመጣው ሦስተኛው ሰው እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ደንብ ሲሰማ ነው።

ለመልስ ሰጪው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «የስ» ወይም «ኖ» ላይ አለማቆም፣ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መጨመር። «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ» ያለ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ቢሳሳት እንኳ ሁለተኛው ያስተካክለዋል። ጠያቂውም ድርሻ አለው። ነርስ፣ የፓስፖርት መኮንን ወይም ቀጣሪ የሆነ ሰው በአሉታ መጠየቅ የለበትም፤ «ዱ ዩ ሃቭ» ብሎ መጀመር አደጋውን ከምንጩ ያደርቀዋል።

ከዚሁ ቤት የሚወጣ ሌላ ልማድ የማረጋገጫ ጥያቄው ነው። ታሚል ከማንኛውም ዓረፍተ ነገር በኋላ «ኢላይያ?» ማለት ይችላል፣ አማርኛ «አይደል?» እንደሚለው። እንግሊዝኛ ግን እንደ ረዳት ግሱ «አሬንት ዩ?»፣ «ዲድንት ሂ?» እያለ ይቀያይራል። በመላው ሕንድ «ዩ አር ካሚንግ፣ ኢዝንት ኢት?» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስህተት ነው ወይስ የራሱ እንግሊዝኛ?

በቋንቋ ትምህርት ባለሙያዎች መካከል ስለዚህ ሁሉ አንድ ድምፅ የለም። በ1950ዎቹ የገነነው አመለካከት የተማሪው ስህተት የሚመነጨው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ዝውውር ነው፣ ሁለቱን ቋንቋዎች አነጻጽሮ ስህተቱን አስቀድሞ መተንበይ ይቻላል የሚል ነበር። ዝውውር ማለት የአንዱን ቋንቋ ልማድ ሳያስቡት በሌላው ላይ መጫን ነው። የ«ዎንት»ና የ«ኖባዲ» ስህተቶች ይህን አመለካከት ይደግፋሉ።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። ላሪ ሴሊንከር በ1972 «ኢንተርላንጉጅ» የሚለውን ስያሜ አስተዋወቀ፤ ተማሪው በአፍ መፍቻውና በሚማረው ቋንቋ መካከል የራሱ ደንብ ያለው መሸጋገሪያ ቋንቋ ይሠራል ለማለት ነው። ለዚህ ወገን ከተለመዱት ማስረጃዎች አንዱ ራሱ አሉታ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪም ጃፓንኛ ተናጋሪም፣ እንግሊዝኛ አፉን የሚፈታ ሕፃንም ሳይቀር «ኖ ጎ» ከሚል ደረጃ ተነስተው፣ «ዶንት»ን እንደ አንድ ቃል ይዘው፣ በኋላ ረዳት ግሶችን ይለያሉ። እንዲህ ከሆነ «አይ ኖት ጎ»ን በታሚል ማሳበብ አያስኬድም። «ዲድ ኖት ዌንት»ም ቢሆን አፍ መፍቻቸው ምንም ይሁን ምን በብዙ ተማሪዎች ላይ የሚታይ ነው።

ሁለቱ አመለካከቶች እዚህ ላይ የሚጣሉ አይመስለንም። ደረጃዎቹ የጋራ ናቸው፤ አፍ መፍቻው የሚወስነው ተማሪው በየትኛው ደረጃ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና የትኛው ስህተት እስከ አዋቂነት አብሮት እንደሚዘልቅ ነው። «አይ ኖት ጎ» በትንሽ ዓመት ይጠፋል፤ ለልማድ «ዎንት» ማለት ግን ዲግሪ የጨረሰ መሐንዲስ ላይ ይገኛል።

ሦስተኛው ወገን ጥያቄውን ራሱን ይቃወማል። ትውልደ ካሽሚሩ የቋንቋ ምሁር ብራጅ ካችሩ እንዳስተማረው የሕንድ እንግሊዝኛ የራሱ ልክ ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ «ኢዝንት ኢት?»ን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አምኖበት ሲጠቀምበት ስህተት የሚለው ማን ነው? ክርክሩ ክብደት አለው። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብዛት የመጡ የሕንድ መምህራንን እንግሊዝኛ የለመዱ ናቸው፤ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ይህ ክርክር ሁሉንም ስህተት አይሸፍንም። «ኢዝንት ኢት?» የልማድ ልዩነት ነው፤ ለአሉታዊ ጥያቄ «የስ» ብሎ መመለስ ግን ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ነገር ተረድተው እንዲለያዩ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ለተማሪው ምርጫ መተው ይቻላል፣ ሁለተኛውን አይቻልም።

ክፍል ውስጥ ምን ይቅደም?

የተለመደው ቅደም ተከተል የሰዋስው መጽሐፍ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ «ኢዝ ኖት»፣ ከዚያ «ዶንት» እና «ዳዝንት»፣ ከዚያ «ዲድንት»፣ መጨረሻ ላይ «ኖባዲ»። የሚያደርሱት ጉዳት ግን በተቃራኒው ይደረደራል። «ሂ ዶንት» የሚል ሰው ይገባል፤ አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ከሆኑ ብዙ አካባቢዎችም ይሰማል። የ«የስ» መልስ፣ ለልማድ የሚባለው «ዎንት»፣ የ«ኖባዲ» ድግግሞሽ ግን ትርጉም ይገለብጣሉ። ስለዚህ መምህሩ ጊዜው ካጠረበት የ«ዳዝ»ን ጉዳይ ለኋላ ትቶ እነዚህን ማስቀደም አለበት።

ታሚልን መጠቀም ወይም አለመጠቀም የሚለው ጥያቄም በዚህ መልክ ይፈታል። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምሩ ተማሪውን ለቋንቋው ማስለመድ ላይ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ተማሪው መምህሩ ቢፈቅድም ባይፈቅድም በልቡ «ማታን»ን ወደ «ዎንት» ይተረጉማል። የ«ማታን»ን ሁለት ፊት፣ እምቢታውንና ልማዱን፣ በታሚል ለይቶ ለማሳየት ብዙ ደቂቃ አይፈጅም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ለማስረዳት ግን ተማሪው ገና የሌለው እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ጉዳት የሚያመጣው «ኢላይ እኩል ይሆናል ኖት» የሚል የቃላት ዝርዝር ነው።

ድምፁም ሊረሳ አይገባም። በታሚል ቃል በ«ንት» ዓይነት ጥንድ ተነባቢ አያበቃም፤ ተናጋሪው ወይ መጨረሻውን ይውጠዋል ወይ «ኡ» የምትመስል ትንሽ አናባቢ ይጨምርበታል። «ዳዝንት» «ዳዘን» ሲሆን አድማጩ አሉታውን ሊያጣው ይችላል። ጠቃሚ ነገር በሚነገርበት ጊዜ፣ ለምሳሌ በስልክ ዋጋ ወይም ቀጠሮ ሲነገር፣ አጭሩን ትቶ «ዳዝ ኖት» ብሎ «ኖት» ላይ ጠበቅ ማድረግ ይሻላል። «ካን»ና «ካንት» የሚለዩት አሜሪካኖች ዘንድ በአብዛኛው በአናባቢውና በጥብቀቱ እንጂ በመጨረሻዋ «ት» ስላልሆነ፣ እዚያም «ካኖት» ማለት ከክርክር ያድናል።

የመልመጃው ዓይነት ደግሞ ከሁሉም በላይ መለወጥ ያለበት ነው። በፈተናም በመጽሐፍም የተለመደው ትእዛዝ «የሚከተሉትን ወደ አሉታዊ ቀይር» ይላል። ተማሪው «ሂ ኢትስ ሚት» የሚለውን አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር አግኝቶ «ዳዝ ኖት» ይጨምርበታል፣ «ስ»ን ይነቅላል፣ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህ መልመጃ ከባዱን ሥራ አስቀድሞ ሠርቶለታል። በንግግር ጊዜ ማንም አዎንታዊውን እንግሊዝኛ በእጁ አይሰጠውም፤ ያለው በታሚል የታሰበ አሉታዊ ሐሳብ ብቻ ነው። «ዳዝንት» ነው ወይስ «ዎንት»፣ «ኢዝንት» ነው ወይስ «ዲድንት» ብሎ መምረጥ የሚጠበቅበት እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መልመጃው ከሁኔታ መነሳት አለበት። «ጎረቤትህ ቡና የመጠጣት ልማድ የለውም»፣ «ጎረቤትህ ቡና ብትሰጠው እምቢ አለ»፣ «ጎረቤትህ ትናንት ቡና አልጠጣም»፣ «ጎረቤትህ አሁን እየጠጣ አይደለም» የሚሉ አራት ሁኔታዎችን በታሚል አቅርቦ አራት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መጠየቅ ይቻላል። በታሚል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ«ማታን»፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ በ«ኢላይ» ሊነገሩ ስለሚችሉ ተማሪው ቃሉን ብቻ አይቶ መመለስ አይችልም። በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያሉ 3 ቡድኖች፣ ማለትም 12 ዓረፍተ ነገሮች፣ ቅደም ተከተላቸው ተቀላቅሎ ቢቀርቡ ይበቃሉ፤ በተርታ ከቀረቡ ተማሪው ሁኔታውን ማንበብ ትቶ ተራውን ይቆጥራል።